ታክሲ ውስጥ የተነበበው መርዶ

እድር የተቋቋመው ሰው ሞት ሲመጣበት ብቻውን እንዳይሰማ ነው። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ ሁሉ በኋላ የተጨመረ ነው። ይህን የምለው መጽሐፍ አንብቤ አይደለም። ትምህርቴ የመሠረተ ትምህርት ነው፤ ፊደል ለይቼ፣ ስሜን ፈርሜ፣ ቀስ እያልኩ ጋዜጣ ማንበብ እስክችል ድረስ ሄድኩና ልጆች ስለነበሩብኝ አቆምኩ። የቀረውን ያስተማረኝ የኮልፌ ኑሮ ነው። በእድራችን የሴቶች ተወካይ ሆኜ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። መርዶ ለመንገር ያንኳኳኋቸውን በሮች ዛሬም በመንገዱ ሳልፍ አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ።

መርዶ አነጋገር አለው። ዘመድ ከሩቅ አገር የሞት ወሬ ሲደርሰው በቀጥታ ወደ ሟች እናት ቤት አይሮጥም። መጀመሪያ ለእድሩ ሰዎች ይነግራል። እኛም አፋችንን ይዘን እንውላለን። አመሻሹ ላይ አንዲት የቅርብ ሰው እንደዋዛ ቤቷ ገብታ ትቀመጣለች፤ እራት መብላቷን ታያለች፣ የሚቀድም ወሬኛ እንዳይኖር ትጠብቃለች። ያቺን አንዲት ሌሊት እናትየዋ ልጇ በሕይወት አለ ብላ ትተኛለች። ሊነጋ ሲል ጋቢያችንን ደርበን በሯ ላይ እንሰበሰባለን። ስትከፍት ፊታችንን ታያለች፤ እኛ ቃል ሳናወጣ እሷ ታውቃለች። ግራና ቀኝ የሚይዟት ሴቶች አሉ፣ ውኃ የያዘች አለች፣ ከኋላ ወንዶቹ ድንኳኑን ተሸክመው ቆመዋል። ብትወድቅም የምትወድቀው እኛ መሃል ነው።

ለጎረቤቴ ልናደርግላት የነበረው ይህንን ነው።

የእኔና የጎረቤቴ አጥር አንድ ቆርቆሮ ነው። እሷ ስታስል እኔ እሰማለሁ፣ እኔ ስቆጣ እሷ ትሰማለች። ከጉራጌ አገር በልጅነቷ መጥታ፣ ኮልፌ ገበያ ቆጮና ቅቤ እየሸጠች፣ ባሏ ከሞተ በኋላ አንድ ልጇን ለብቻዋ ያሳደገች ሴት ናት። ልጁ አድጎ ደቡብ አፍሪካ ሄደና ሱቅ ከፈተ። ስልክ ላከላት፤ ትልቅ ስልክ፣ በሁለት እጇ እንደ ትሪ ይዛ የምታወራበት። ማንበብ አትችልም። እሱም ይህን ስለሚያውቅ በድምፅ ነበር የሚልክላት። ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደርሽ እናቴ» ሲል በቆርቆሮው በኩል እኔም እሰማው ነበር። አንዳንድ ቀን፣ እሷ ሳትቀድመኝ «ይመስገን» ብዬ እመልስለታለሁ። ከወዲያ ማዶ ትስቅብኛለች።

የእድሩ የስልክ አፕ የመጣው እንዲህ ነው። የእድራችን ጥሩምባ ነፊ አርጅቶ ደረቱ ደከመ። አስፋልት ዳር ያሉትን ቤቶች አዳርሶ ወደ ወንዙ ሳይወርድ ይመለስ ጀመር። ወንዝ ዳር ያሉት ወሬው ሳይደርሳቸው ከቀብር ይቀሩና ይቀጣሉ። አስፋልት ዳር ያለ ሰው ቢቀር ግን «ሥራ ይዞት ነው» ይባላል። ይህ አበሳጨኝ። በስብሰባ ላይ ተነሥቼ «ያልተነገረውን ሰው የምትቀጡት በምን ሕግ ነው?» አልኩ። ሰብሳቢያችን፣ እኛ ዳኛ የምንለው፣ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ አዲስ ነገር ይወዳል። «እትዬ፣ ታዲያ መፍትሔውን ይንገሩን» አለኝ። አብራኝ የመጣችው የልጅ ልጄ ከኋላ እጇን አወጣች። አካውንቲንግ ተመርቃ ሥራ አጥታ፣ እኔ ጋ ተቀምጣ ስልክና ላፕቶፕ ስትነካካ የምትውል ልጅ ናት።

«እኔ አፕ ልሠራላችሁ» አለች።

«በስንት ወር ይደርሳል?» አላት ዳኛው።

«ቅዳሜና እሁድ ይበቃኛል።»

ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ይህቺ ልጅ ያለችውን እንደምታደርግ አውቃለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ሶፋው ላይ እግሯን አጥፋ ጀመረች። አጠገቧ ምስር እየለቀምኩ አያታለሁ። አንዳንዴ በአማርኛ፣ አንዳንዴ በእንግሊዝኛ ትጽፋለች፤ ስክሪኑ ላይ መልሱ እንደ ዝናብ ይወርዳል።

«ከማን ጋር ነው የምታወሪው?»

«ከማሽኑ ጋር ነው እምዬ። የምፈልገውን እነግረዋለሁ፣ እሱ ይጽፈዋል። ሌላው ደግሞ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ አለ፣ እሱን እገጣጥማለሁ።»

«አንቺስ ምን ትሠሪያለሽ?»

«እኔ አየዋለሁ። ካልሆነ እንደገና ሥራ እለዋለሁ።»

«ይሄማ የኮንትራክተር ሥራ ነው» አልኳት። «ጃንጥላ ብቻ ነው የቀረሽ።»

ሳቀች። ትንሽ ቆይታ ቀና አለችና «መልእክቱ ለማን ለማን ይሂድ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ለሁሉም» አልኳት። «አስፋልት ዳር ብሎ ነገር የለም፣ ወንዝ ዳር ብሎ ነገር የለም። እኩል በአንድ ጊዜ ለሁሉም ይድረስ። ማንም አይለይ።»

እንዳልኩት ጻፈችው። ማሽኑም እንደተባለው አደረገ። ያልኩት ትክክል ነበር፤ ዛሬም ትክክል ነው እላለሁ። ያ ቃል ሰው ጆሮ ቢገባ ኖሮ ሰው የቀረውን ራሱ ይሞላዋል። «ማንም አይለይ» ስል ሐዘንተኛዋን እንዳልጨመርኩ ለኮልፌ ሕፃን እንኳ መንገር አያስፈልግም። ማሽኑ ግን ኮልፌ አላደገም።

እሁድ ከቅዳሴ ስመለስ አፑ ስልኳ ላይ ይሠራ ነበር። ከፊቱ የድንኳን ሥዕል አለው። የደወሉ ድምፅ ጥሩምባ እንዲሆን ፈልጋ ሽማግሌውን ጥሩምባ ነፊ ግቢያችን አስጠራችውና ስልኳን አፉ ፊት ዘረጋች።

«ለማን ልንፋ?» አላት።

«ለማንም አይደለም አባባ፣ ለሙከራ ነው።»

«ሰው ሳይሞት ነፍቼ አላውቅም» አለና ነፋ። ደረቱ ደካማ ነበርና ድምፁ ትንሽ ተሰባብሯል። እሷ ደግሞ «እንዲያውም ይሄ ያምራል» አለች።

ለመሞከር አንድ ሰው ሞተ ብሎ መመዝገብ ያስፈልግ ነበር። ኮሚቴው ቤቴ ተሰብስቦ ማንም ስሙን አልሰጥ አለ። ዳኛው ጣራ ጣራ ያያል፤ ጸሐፊው መነጽሩን ይጠርጋል።

«እኔን ጻፊኝ» አልኳት።

«አይ እምዬ፣ ይሄንንስ አልጽፍም።»

«ጻፊ። በዚህ ዕድሜዬ ማሽን አይገድለኝም።»

ጻፈች፣ ነካችው፤ የሁሉም ስልክ በአንድ ላይ ጥሩምባ ነፋ። የእኔ ቁልፍ የሚጫን አሮጌ ስልክ ስለሆነ በጽሑፍ መልእክት መጣልኝ። አወጣሁና ቀስ ብዬ አነበብኩ፤ እኔው ራሴ ማረፌን፣ ለቀብሬም እንዳልቀር የሚል ነበር። ጸሐፊው «ከቀሩ እንቀጣዎታለን» አለኝ። እስኪደክመን ሳቅን። ሟችዋ ራሷ መልእክት ደርሷት እያነበበች እዚያ ክፍል ውስጥ ከነበርነው አንድም ሰው ለምን ደረሳት ብሎ አልጠየቀም። ያንን ሳቅ አሁን ሳስበው አፌ ይመረኛል።

ለጥቂት ጊዜ ነገሩ አማረ። ሰው ሲሞት ወንዝ ዳር ያሉት ከሁሉም ቀድመው ቀብር ይገኙ ጀመር። በጽሑፍ መልእክት የሚቀበሉትም ባለ ትልቅ ስልኮቹም እኩል ሆኑ። ዳኛው የሌላ ሰፈር እድር ሰዎችን እየጠራ ያሳይ ነበር። «በሁለት ቀን ነው የተሠራው» ይላል፣ ራሱ እንደሠራው ሁሉ። በሁለት ቀን መሠራቱ ዋናው ቁም ነገር ሆነ። ጎረቤቴም ስልኳን አምጥታ የልጅ ልጄ አስገባችላት። «ልጄ የላከው ስልክ ለቁም ነገር ዋለ» ብላ ጉንጯን ሳመቻት።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ከምሳ በኋላ ዳኛው አስጠራኝ። ቤቱ ስገባ ጸሐፊውና የጎረቤቴ የወንድም ልጅ ተቀምጠዋል። የወንድሟ ልጅ ዐይኑ ቀልቷል። ገና ሳይነግረኝ ሞት መሆኑን ተረዳሁ፤ የደቡብ አፍሪካው ልጅ ሌሊት በመኪና አደጋ ሞቷል። ግድግዳውን ይዤ ተቀመጥኩ። ያ ልጅ ሽንት ጨርቁን የቀየርኩለት ልጅ ነው። ግን ማልቀስ አይቻልም፤ ዐይኔ ካበጠ ታውቅብኛለች። ሥርዓቱን ተነጋገርን። መርዶው ነገ ሊነጋጋ ሲል ይሆናል። እሷ ጠዋት ቅቤ ይዛ ቤቴል ሰፈር የወለደች የእህቷን ልጅ ልትጠይቅ ሄዳለች፤ ስትመለስ እኔ በሯ ላይ እጠብቃታለሁ፣ አብሬያት አመሻለሁ፣ «ስልክሽን አውሽኝ፣ የኔ ካርድ አልቋል» ብዬ እወስድባታለሁ። ፊቴን ታጠብኩ። በሯ አጠገብ ያለው ድንጋይ ላይ ሄጄ ተቀመጥኩና የደህና ሰው ፊት መያዝ ጀመርኩ።

ጸሐፊው ዕቃ ቤት ሄደ። ድሮ አሠራሩ እንዲህ ነበር፤ ድንኳንና ወንበር ለማውጣት መጀመሪያ ሞቱን ይመዘግባል፣ ያ የእሱ ሥራ ነው፣ ማንም አይሰማውም። ጥሩምባው የሚነፋው በማግስቱ ነው፣ መርዶው ከተነገረ በኋላ። በመሃል አንድ ሙሉ ሌሊት አለ። አፑ ውስጥ ግን ያ ሌሊት አልነበረም። መመዝገብና መንፋት አንድ ቁልፍ ሆነዋል። እስከዚያ ቀን የሞቱት ሁሉ እዚሁ ሰፈር፣ ቤተሰባቸው አጠገባቸው ሆኖ የሞቱ ስለነበሩ ማንም ልብ አላለውም። ጸሐፊው እንደ ልማዱ ነገ ለሚወጣው ድንኳን ብሎ መዘገበ።

እኔ ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ መጀመሪያ የሰማሁት ከፊት ለፊት ካለው ግቢ ነው። ያ የተሰባበረ ጥሩምባ። ከዚያ ከጎኑ፣ ከዚያ ከታች፣ ከልብስ ሰፊው ቤት፣ ከወፍጮው፤ መንደሩ በጠራራ ፀሐይ ጥሩምባ በጥሩምባ ሆነ። በሮች ይከፈታሉ። ሴቶች ስልካቸውን ይዘው ብቅ ይላሉ፣ ያነባሉ፣ ቀና ብለው የጎረቤቴን በር ያያሉ፤ በሩ ላይ ደግሞ እኔ ተቀምጫለሁ። ያን ጊዜ የኔም ስልክ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። አላነበብኩትም።

ለልጅ ልጄ ደወልኩ። «መልሺው» አልኳት።

«እምዬ…»

«መልሺው እላለሁ፣ ተልኳል፣ መልሺው።»

«የተላከ አይመለስም» አለችኝ፤ እያለቀሰች ነበር።

ጎረቤቴ ጋ ደወልኩ። ይጠራል፣ አታነሣም። ደግሜ ደወልኩ። ያኔ ምን እንደሆነች በኋላ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ራሷ ነገረችን፤ ለኔ ሳይሆን፣ እኔ ባለሁበት ለሌሎች ሴቶች።

ከቤቴል መጥታ ጦር ኃይሎች ላይ ሌላ ታክሲ ይዛለች። ታክሲው እስኪሞላ ቆሟል። ጥሩምባው ከጡቷ ሥር ሲነፋ ሰው ሁሉ ዞረ። ረዳቱ «ማዘር፣ ዘመቻ ታወጀ እንዴ?» አላት፣ ተሳፋሪው ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀች። «የእድራችን ነው ልጄ፣ ሰው ሞቶ ነው» ስትል ሳቃቸውን ተዉ። ስልኩን አውጥታ አጠገቧ ለተቀመጠው ወጣት ሰጠችው።

«አንብብልኝ የኔ ልጅ። ቀብሩ መቼ እንደሆነ እይልኝ፤ ቀርቼ እንዳልቀጣ።»

ልጁ ጮክ ብሎ አነበበላት። ስሟን ከነአባቷ አነበበ፤ የእርሷ ልጅ በሚኖርበት አገር ማረፉን አነበበ፤ የልጇንም ስም አነበበ።

«እንደገና» አለችው።

እንደገና አነበበ። ማንበብ ጨርሶ ስልኩን ሲመልስላት ነው ፊቷን ያየው።

«እማማ» አላት። «እርስዎ ነዎት እንዴ?»

ስልኩን ከእጇ ሊወስድ ሞከረ አለች፣ የተነበበውን መልሶ ሊያጠፋላት የሚችል ይመስል። ከታክሲው ደግፎ ይዟት ወረደ። የፌርማታው ጠርዝ ላይ አስቀመጣት፣ ከሱቅ የታሸገ ውኃ ገዝቶ ፊቷን አጠበላት። ስትጮህ አብሯት አለቀሰ። ከዚያ ኮንትራት ታክሲ ይዞ፣ ቤቷን እየጠየቃት፣ እሷ በእጇ እየጠቆመችው አመጣት።

መንደሩ መግቢያ ላይ ሲመጡ አየኋቸው። አንድ የማላውቀው ቀጭን ልጅ በብብቷ ሥር ይዟታል፣ በሌላው እጁ ባዶ የቅቤ ዕቃዋን አንጠልጥሏል። ተነሥቼ ሮጥኩ። እጄን ስዘረጋ ቆመች። አልጮኸችም። ድንጋዩን አየች፣ የተቀመጥኩበትን። የታጠበ ፊቴን አየች።

«ታውቂ ነበር?» አለችኝ።

«እህቴ…»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

«ከምሳ በኋላ» አልኳት። ውሸት አልወድም፣ በዚያች ሰዓትም አልዋሸሁም።

«እኔ ከምሳ በኋላ አራስ ቤት ተቀምጬ ስስቅ ነበር» አለችና በልጁ ላይ ተደግፋ አልፋኝ ገባች።

ማለዳ በሯ ላይ ቢሆን ኖሮ፣ እኛ አቅፈናት ቢሆን ኖሮ፣ ዝም ማለቴ እንደ ደግነት ይቆጠርልኝ ነበር። ስንት ሴት «አንድ ሌሊት እንድተኛ አደረጋችሁኝ» ብላ መርቃኛለች። እዚያ መንገድ ላይ ግን ያው ዝምታ ክህደት ሆነ። ድንኳኑ በጥድፊያ ተተከለ፣ ወንዶቹ ከሥራ ልብሳቸው ሳይወጡ መጡ። ግራና ቀኝ የሚይዟት ሴቶች ሲመጡ እሷ ወድቃ ተነሥታ ነበር። ልጁን ፈለግነው፤ ሰው ሲበዛ በመሃል ሹልክ ብሎ ሄዷል። ስሙን የጠየቀው የለም።

ለሦስት ቀን የልጅ ልጄን አላናገርኳትም። በሦስተኛው ቀን ላፕቶፑን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። ለማሽኑ የሆነውን ጽፋ ነግራው ነበር። መልሱን በአማርኛ አነበበችልኝ፤ ልክ ነሽ፣ ይቅርታ፣ ይህን ከግምት ማስገባት ነበረብኝ ይላል። ከዚያ ደግሞ ለሐዘኑ ማዘኑን ይገልጻል። በሕይወቴ እንዲህ ፈጥኖ ይቅርታ የጠየቀ አላየሁም። አንዲት እናት የት እንደወደቀች ሳያይ፣ ጉሮሮውን ሳይጠርግ።

«አስተካክሎታል» አለችኝ። «አሁን መጀመሪያ ‘ለቤተሰቡ ተነግሯል ወይ’ ብሎ ይጠይቃል። ተነግሯል ካልተባለ አይልክም።»

«ምን ያህል ጊዜ ወሰደ?»

ላፕቶፑን ከደነችው።

«ስጠይቅሽ መልሺ።»

«ሻይ እስኪፈላ» አለች።

ሻይ እስኪፈላ። አስቀድሞ ቢጠየቅም የሚወስደው ይህንኑ ነበር። ልጅቷ ክፉ አይደለችም፤ ያን ሰሞን ምግብ አልበላም ብላ ከስታለች። ግን ሁለት ቀን ብሎ ነገር ራሱ አናደደኝ። ጥሩምባ ነፊው ሥራውን ሲለምድ ዓመት ከሌላ ሰው ኋላ ተከትሎ ዞሯል። ያን ዓመት እንደ ከንቱ ነበር የቆጠርነው።

ከአርባው በፊት ኮሚቴው ተሰበሰበ። ዳኛው ተነሣና «የልጅቷ ስሕተት ነው፤ ልጅ ናት፣ ይቅር እንበላት» አለ። እኔ ቤት ያኮረፍኳት ልጅ እዚያ ጥግ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። ተነሣሁ።

«በሁለት ቀን ተሠራ እያልክ እንግዳ ስትጠራ የማን ነበር?» አልኩት። «ያኔ የእድሩ ነው አልክ። ሲበላሽ የልጅቷ ሆነ?»

«እትዬ፣ እርስዎ የልጅ ልጅዎ ስለሆነች ነው።»

«ቤቴ ገብታ የምሰጣትን እኔ አውቃለሁ። እዚህ ግን ብቻዋን አትቆምም። የገነባችው እሷ፣ ለሁሉም ይድረስ ያልኩት እኔ፣ የነካው ጸሐፊው፣ ያስቸኮልከው አንተ። ስንሞክረው አብረን ስቀናል። አራታችንም ደጇ ሄደን እንቁም።»

ጸሐፊው «እመጣለሁ» አለ። ዳኛው ግን «አፑ ተስተካክሏል እኮ፤ ምን ቁስል እንነካካለን» አለና ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፈ። በማግስቱ ሦስታችን ሄድን። አስገባችን፣ ተቀመጡ አለችን። ይቅርታ ስንጠይቃት የልጅ ልጄን ጎትታ ራሷን ሳመቻት። ለጸሐፊውም «አንተም የልማድህን ነው ያደረግከው» አለችው። ወደ እኔ ዞር ሳትል ግድግዳው ላይ ያለውን የልጇን ፎቶ እያየች «እኔ ቂም የለኝም» አለች።

ለቅሶ ደራሽ በመጣ ቁጥር ያው ጥያቄ ይጠየቃል። «ማን አረዳሽ?» ይሏታል። በኛ ዘንድ የዚያ ሰው ስም ይታወሳል፤ በክፉ ቀን አጠገብሽ ማን እንደነበረ ነው የሚጠየቀው። እሷም «አንድ የታክሲ ልጅ» ትላለች። «ስሙን አላውቀውም። የእናቱ ልጅ ይባረክ።» ይህን ስትል እኔ ውኃ እቀዳለሁ፣ ወይም ወንበር አስተካክላለሁ። ጦር ኃይሎች በሄድን ቁጥር በየታክሲው መስኮት አንገቷን አስግጋ ትፈልገዋለች። እስካሁን አላገኘችውም። ባገኘው እኔም እግሩ ላይ እወድቃለሁ፤ ግን እውነቱን ልናገር፣ እቀናበታለሁ። ያ ቦታ የኔ ነበር።

የልጅ ልጄ ከጎረቤቴ ስልክ አፑን ላጥፋልሽ ብትላት ስልኩን ደረቷ ላይ ለጥፋ ከለከለቻት። የልጇ ድምፅ ያለው እዚያ ውስጥ ነው፣ ማንም እንዲነካው አትፈልግም። ከዝርዝሩ ላውጣሽ ስትላትም «ከእድር ልታስወጡኝ ነው?» አለቻት። ስለዚህ ስልኩ ሣጥኗ ውስጥ በነጠላ ተጠቅልሎ ይኖራል። በየጊዜው አውጥታ ቻርጅ ታደርገዋለች። ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደርሽ እናቴ» ሲል በቆርቆሮው በኩል እሰማለሁ። ያው አሮጌው ድምፅ ነው። እኔ አልመልስለትም።

ሰው ሲሞትም ከሣጥኑ ውስጥ ጥሩምባው ይነፋል። ድምፁ ታፍኖ በቆርቆሮው ያልፍና ይደርሰኛል። ያን ጊዜ የያዝኩትን ጥዬ እነሣለሁ። የኔ ስልክም ያንኑ ይዞ መጥቷል፣ ደጇ ላይ ቆሜ አነበዋለሁ፣ እሷ ሌላ ባዳ ፈልጋ እንዳታስነብብ። እንደምመጣ አውቃ በሩን አስቀድማ ገርበብ ታደርገዋለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ቆማ ትጠብቀኛለች።

«ማን ነው?» ትለኛለች።

በአፌ እነግራታለሁ፤ ስም ከነአባት፣ ቀስ ብዬ፣ ክንዷን ይዤ። ራሷን ትነቀንቃለች። ከዚያ ጫማዋን በእግሯ እየፈለገች፣ ቀና ሳትል፣ ያንኑ ትጠይቀኛለች።

«አንቺስ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

«አሁን ነው» እላታለሁ። «አሁን ደጅሽ ላይ ቆሜ።»

እውነቴን ነው። አታምነኝም።